«ኮተን ዊግ» ማለት ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፊት ስለነበረው ፖለቲካ ሳነብ «ኮተን ዊግ» የሚል ነገር እየደጋገመ መጣብኝ፣ ዊግ የዚያን ጊዜ የአሜሪካ ፓርቲ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ጥጡ ግን ምን አገባው? በአማርኛስ እንዴት ብንለው ይሻላል?

መልስ፦ ጥጡማ ዋናው ነገር ነው ወንድሜ። አቦት ሎውረንስ የሚባለውን ሰውዬ ካወቅክ ቃሉ ወዲያው ይገባሃል (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1792 ማሳቹሴትስ ውስጥ ግሮተን የተወለደ የገበሬ ልጅ ነው፣ በ1808 ቦስተን ታላቅ ወንድሙ አሞስ ሱቅ ገብቶ ንግድ ተማረ፣ በ1814 ሸሪክ ሆኑ፣ መጀመሪያ ከእንግሊዝ ጨርቅ እያስመጡ ነበር የሚሸጡት በኋላ ግን እዛው አገራቸው ሎዌል በምትባለው የማሳቹሴትስ ከተማ ያሉትን ፋብሪካዎች ጨርቅ ማከፋፈል ያዙና በጣም ከበሩ። በ1835 ኮንግረስ ገባ። በ1845 ደግሞ ከሌሎች ባለሀብቶች ጋር ሆኖ ሜሪማክ ወንዝ ዳር የፋብሪካ ከተማ ማቋቋም ጀመሩ፣ ከተማዋ እስከዛሬ ሎውረንስ ነው የምትባለው።

እንግዲህ ፋብሪካው የሚፈትለው ጥጥ ከየት ይመጣል? ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ በባሪያ ጉልበት ተዘርቶ የተለቀመ። ሎውረንስ ለባርነት የሚሟገት ሰው አልነበረም፣ ግን ከደቡብ ጋር መቆራረጥ አልፈለገም፣ ቴክሳስ ባርነት የተፈቀደባት ግዛት ሆና ከአሜሪካ ጋር ልትቀላቀል ስትል ተቃዋሚዎቹ ፊርማ ሲያሰባስቡ እሱ አልፈርምም አለ። የማሳቹሴትስ ዊጎች በዚህ ለሁለት ተከፈሉ፣ ባርነት እንዳይስፋፋ አጥብቀው የታገሉት «የህሊና ዊግ» ተባሉ፣ እነ ሎውረንስ «የጥጥ ዊግ»። ስለዚህ ቃሉ ጥጥ ነጋዴ ማለት ብቻ አይደለም፣ ጥቅሙ አፉን የያዘው ማለት ነው፣ ስድብነቱም እዛ ላይ ነው። ከህሊና ዊጎቹ አንዱ ቻርልስ ሰምነር በ1848 የደቡቡን ባለእርሻና የሰሜኑን ባለፋብሪካ ሽርክና «የጅራፍ ጌቶችና የሽመና ጌቶች» ብሎ ያወገዘውም ይህንኑ ነው።

እኔ «የጥጥ ዊግ» ብለን እንተወው ባይ ነኝ፣ ከ«የህሊና ዊግ» ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው ጉልበቱ የሚታየው፣ «ጥቅመኛ ዊግ» ካልነው ግን ጥጡ ይጠፋል።

ሌላ መልስ፦ በዚሁ ላይ ልጨምር፣ የአሜሪካ ጥጥ ጨርቅ እኛም ጋ ደርሷል እኮ፣ ያ አቡጀዲ የምንለው። በ1903 ስኪነር የሚባለው የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ መጥቶ ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም አሜሪካኖቹ ለኢትዮጵያ ከሚሸጡት ዕቃ ዋናው እሱ ነበር።