ትኩሳቱ አምስተኛ ቀኑን ሲይዝ፦ ከልጅ ጋር ወደ ሐዋሳ ለሚሄዱ

ለጠያቂዋ እህታችንና ለተሳታፊዎች ሁሉ ጤና ይስጥልኝ። ካዋሳኪ በሚባለው የደም ሥር ብግነት ታሞ የዳነ ልጅዎን ለክረምቱ ወደ ሐዋሳ ለመውሰድ ማሰብዎን ሳነብ፣ የእኔም ልጅ በአራት ዓመቱ እዚያው እናቴ ቤት ሳለን በዚሁ በሽታ በመያዙ ያየሁትን ልጽፍልዎ ወደድሁ።

ሐዋሳ ላይ ልጅ ሲያተኩስ አስቀድሞ የሚታሰበው ወባ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። የልጄ ደም ከወባ ነጻ ሲሆን ታይፎይድ ይሆናል ተብሎ አንቲባዮቲክ ታዘዘለት፤ ከንፈሩ ቀልቶ ሲሰነጣጠቅ ደግሞ እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሸችለት። ትኩሳቱ ግን አምስት ቀን አልፎትም አልበረደም፤ ዓይኖቹ ያለ ዓይናር ቀሉ፣ ምላሱ እንጆሪ መሰለ፣ ሰውነቱ ሽፍ አለ፣ መዳፎቹም አበጡ። በስድስተኛው ቀን ያየችው የሕፃናት ሐኪም ምልክቶቹን አንድ ላይ አያይዛ ካዋሳኪን ጠረጠረች። በሽታውን ብቻውን የሚለይ የደም ምርመራ ስለሌለ፣ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን በትክክል መንገራችን እጅግ ጠቅሟታል።

ቀን መቁጠሩ የሚያስፈልገው ብግነቱ ልብን የሚመግቡትን የደም ቧንቧዎች ስለሚጎዳ ነው። ካልታከሙ ሕፃናት ከ100ው ወደ 25 በሚሆኑት ላይ እነዚህ ቧንቧዎች ያብጣሉ፤ በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ውስጥ በደም ሥር የሚሰጠው ኢሚዩኖግሎቡሊን (ከለጋሾች ደም የሚዘጋጅ የፀረ እንግዳ አካላት መድኃኒት) ቁጥሩን ወደ 5 ገደማ ያወርደዋል። መጠኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ 2 ግራም በመሆኑ 15 ኪሎ ለሚመዝነው ልጄ 30 ግራም አስፈለገው፤ ያንን ከአዲስ አበባ እስክናስመጣ ያሳለፍነውን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ስለዚህ መድኃኒቱና ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ የት እንደሚገኙ ከመሄድዎ በፊት በስልክ ያጣሩ፤ በሽታው ተመልሶ የሚይዘው ጥቂቱን ልጅ ብቻ ቢሆንም።

ልጅዎ ከካዋሳኪ በኋላ የሚታዘዘውን አስፒሪን አሁንም የሚወስድ ከሆነ፣ አይቡፕሮፌን የተባለው የትኩሳት ማስታገሻ የአስፒሪኑን ሥራ ስለሚያዳክም ዘመድ በደግነት ከፋርማሲ የሚገዛውን ሽሮፕ ሳያዩ አይስጡት። ጉንፋን ከበረታበት ወይም የዶሮ ፈንጣጣ (ቺክንፖክስ) ከያዘው ልጅ ጋር ከዋለ፣ ያ አስፒሪን ጉበትንና አንጎልን ሊጎዳ ስለሚችል ዕለቱን ለሐኪሙ ይንገሩ።

ክትባትም አለ። ኢሚዩኖግሎቡሊን ከተሰጠ በኋላ የኩፍኝ ክትባት ለ11 ወራት ይዘገያል፤ በዘመቻ ወቅት ቤት ለቤት ለሚመጡ ባለሙያዎች ይህንን የሚያስረዳ የሐኪም ደብዳቤ ይያዙ። ልጅዎ መድኃኒቱን የወሰደው መቼ እንደሆነና የጉዞዎን ወር ቢጽፉልን፣ ከሐኪሙ ጋር የሚነጋገሩበትን ጥያቄ አብረን እናዘጋጃለን።