አስፈሪ የማምለጫ ክፍል ለቡድን በምን ይመረጣል?

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ የምንኖር ስምንት የሥራ ባልደረቦች በሃሎዊን (አስፈሪ አልባሳት በሚለበስበት በዓል) ሰሞን አስፈሪ ድባብ ያለው የማምለጫ ክፍል (ቡድን እንቆቅልሽ እየፈታ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ለመውጣት የሚሞክርበት የጨዋታ ክፍል) ልንገባ አስበናል። ጨለማ የሚፈሩ ስላሉን፣ ሁላችንንም የሚያስደስተው የትኛው ዓይነት ነው?

መልስ 1፦ ከፍርሃቱ ይልቅ የእንቆቅልሾቹን አሠራር ይመልከቱ። አንዱ ቁልፍ ሲፈልግ ሌላው ቁጥር የሚያዛምድ ከሆነ በ60 ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ሥራ ያገኛል፤ በተርታ ብቻ የሚፈቱ ከሆነ ግን ሁለቱ ሲሠሩ ስድስቱ ቆመው ያያሉ። ለሁለት ተከፍላችሁ ብትወዳደሩ ይሻላል።

መልስ 2፦ እስማማለሁ፤ ሆኖም ድንገት የሚያስደነግጥ ተዋናይ መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ። እኔን (ደፋር ነኝ ባይዋን) ያንቀጠቀጠኝ ጩኸት ሳይሆን ከግድግዳ ጀርባ የሚሰማ ኮቴ ነበር።

መልስ 3፦ በሩ በእውነት የሚቆለፍ ከሆነ አይግቡ። እ.ኤ.አ. በ2019 በፖላንድ ኮሻሊን ከተማ በእንዲህ ያለ ቦታ በተነሣ እሳት አምስት ልጃገረዶች ሞተዋል።