ሁለት ሰዓት ተኝቶ የማይደክመው ልጅ፦ ምን እናድርግ?

ጥያቄ (ከዘጌ)፦ የአክስቴ ልጅ 21 ዓመቱ ነው። አምና ሁለት ወር ያህል ከአልጋ አልወርድ ብሎ፣ ምግብም ጨዋታም አስጠልቶት ከረመና በራሱ ተሻለው። አሁን ደግሞ ሌሊት ሁለት ሰዓት ብቻ መተኛት ከጀመረ ስምንተኛ ቀኑ ነው። ወሬው አያልቅም፤ ጀልባ እገዛለሁ ብሎ የቡናውን ገንዘብ ለማያውቀው ሰው ሰጠ። ቤተሰቡ ጠበል እንውሰደው ይላል።

መልስ (የአእምሮ ጤና ነርስ)፦ መጀመሪያ ትኩሳቱን ለኩ። ጣና ዳር ወባ አለ፤ ትኩሳት ካለው፣ ወይም ቀኑንና ያለበትን ቦታ ካምታታ ዛሬውኑ ደሙ ይመርመር። ይህ ከሌለ የጻፍሽው ማኒያ (ስሜትና ጉልበት ከልክ በላይ የሚጋልብበት የአእምሮ ሕመም) ይመስላል። ዋናው ፍንጭ እንቅልፉ ነው፦ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሲነጋ ይዝላል፣ ማኒያ ያለበት ግን እንደጠገበ ሰው ይነሳል። ምልክቶቹ ቢያንስ 7 ቀን ከቆዩ፣ ወይም ቀኑ ሳይሞላም ሆስፒታል እስከመተኛት ካደረሱ፣ ማኒያ ይባላል። 4 ቀን የቆየና ኑሮን ያላናጋ ከሆነ ቀለል ያለው ዓይነት ነው።

መልስ (ሐኪም)፦ የአምናውን ድብርት ሳትነግሩ እንዳትወጡ። ባይፖላር፣ ማለትም ማኒያና ድብርት የሚፈራረቁበት ሕመም፣ ብዙ ጊዜ በድብርት ይጀምራል። ወደፊት ደግሞ የአሁኑን ማኒያ ንገሩ፤ ሐኪሙ ያለፈ ማኒያ መኖሩን ካላወቀ በሌላ ጊዜ ፍሉኦክሴቲን የተባለውን የድብርት መድኃኒት ለብቻው ያዝዝና ወደ ማኒያ ሊገለብጠው ይችላል። ጫት ይቅም እንደሆነ፣ በዘሩ እንዲህ የሆነ ሰው እንዳለም ይጠየቃል። የታይሮይድ ምርመራም ይደረግለት።

ጠያቂ፦ አልታመምኩም ይላል፤ እንዴት እናምጣው? ጠበሉስ?

መልስ (ነርስ)፦ አትከራከሩት። «ለእንቅልፍህ» በሉት፤ የሚያከብረው ሰው ይዞት ይምጣ። በጀልባ አታሻግሩት፣ በመኪና አምጡት፤ ባሕር ዳር ካሉት ሆስፒታሎች ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ገንዘቡን ሌላ ሰው ይያዝለት። ጠበሉን ማንም አይከለክልም፤ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ፣ ልጁም አይታሰር።

መልስ (ፋርማሲስት)፦ ሊቲየም የተባለው ስሜት የሚያረጋጋ መድኃኒት ከታዘዘለት አስቀድሞ ኩላሊቱ ይመርመር። ከጀመረ ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ፣ የመጨረሻውን ክኒን ከዋጠ 12 ሰዓት ሲሞላው የሊቲየሙ መጠን እንዲለካ ደም ይሰጣል። ውኃ ሳይጠጡ መዋል፣ ተቅማጥ፣ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የተባሉት የሕመም ማስታገሻዎች መጠኑን በደሙ ውስጥ ከፍ ያደርጉታል፤ ስለዚህ ጾሙን ከሐኪሙ ጋር ተመካከሩበት። እጁ በኃይል ከተንቀጠቀጠ፣ ካስመለሰው ወይም ከተንገዳገደ ቀጣዩን ክኒን ሳይውጥ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

መልስ (ሐኪም)፦ አንድ የቀረ፦ ማኒያው ሲበርድ ድብርት ሊከተል ይችላል፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብም ያኔ ሊመጣ ይችላል። የተባይ መድኃኒትና ገመድ ከአሁኑ ከቤት ይውጣ።