ጥያቄ፦ የሚዩኦን ሂስቶግራሜ ላይ ጫፎቹ አልወጡም፤ የሂሊየም ስሌቴም ከሠንጠረዡ አልገጠመም

ቤዛ_ፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነኝ፤ ኑክሌርና ፓርቲክል ፊዚክስን የምማረው ከኦንላይን ብቻ ነው። ያለኝ ስልክና አልፎ አልፎ የላብ ኮምፒውተር ነው። ሦስት ነገር ላይ ቆሜያለሁ።

አንደኛ፦ ከሰርን ኦፕን ዳታ (የአውሮፓው የፓርቲክል ፊዚክስ ላብ ለሕዝብ የከፈተው ዳታ) ላይ ሁለት ሚዩኦን (የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ) ያለባቸውን ኢቨንቶች፣ ማለትም የተመዘገቡ ግጭቶች፣ የያዘ የሲኤምኤስ ዲቴክተር ሲኤስቪ ፋይል (የ2011 ዳታ፣ 100,000 ኢቨንት፣ የሁለቱ ሚዩኦኖች ጥምር ማስ ከ2 እስከ 110 ጂጋ ኤሌክትሮን ቮልት፣ ማለትም ጂኢቪ) አውርጄ በኮላብ (በብራውዘር ፓይተን ኮድ የሚጻፍበት) ላይ ሂስቶግራም ሠራሁ። ጄ/ፕሳይ፣ አፕሲሎንና ዜድ (ወደ ሁለት ሚዩኦን የሚሰባበሩ ቅንጣቶች) እንደ ጫፍ ይታያሉ ተብሎ ነበር፤ የእኔ ግን በግራ በኩል አንድ ትልቅ ቁልል ብቻ ነው። ቢኑ (ማሱ የተከፋፈለበት ክፍል) 50 ነው።

ሁለተኛ፦ የሂሊየም-4 ባይንዲንግ ኢነርጂ (ኒውክሊየሱን ለመበታተን የሚያስፈልገው ኢነርጂ) ሳሰላ 27.27 ኤምኢቪ (የጂኢቪ ሺኛ) ይመጣል፤ ሠንጠረዡ 28.30 ይላል። የወሰድኩት ፕሮቶን 1.007276፣ ኒውትሮን 1.008665፣ ሂሊየም-4 4.002603 ዩ (የአቶም ማስ መለኪያ) ነው።

ሦስተኛ፦ ማቴሪያሉ በዛብኝ። በምን ቅደም ተከተል ልሂድ?

ቢን_ቆጣሪ፦
እህቴ፣ ኮድሽ የተሳሳተ አይመስለኝም፤ ችግሩ የቢኑ ስፋት ነው። ከ2 እስከ 110 ያለውን ለ50 ስታካፍይ አንዱ ቢን 2.16 ጂኢቪ ይሆናል። የመጀመሪያው ቢን ከ2 እስከ 4.16 ነው፤ ጄ/ፕሳይ (3.097) እና ከባድ ዘመዱ ፕሳይ-2ኤስ (3.686) ሁለቱም እዚያው ውስጥ ተቀብረዋል። አራተኛው ቢን ደግሞ ከ8.48 እስከ 10.64 ስለሆነ ሦስቱን አፕሲሎኖች (9.46፣ 10.02፣ 10.36) በአንድ ይውጣቸዋል። ዜድ 91.2 ላይ አለ፤ ግን ቋሚው አክሲስ ሊኒየር ስለሆነ ከግራው ቁልል አንጻር ወለሉ ላይ ተኝቷል።

እንዲህ አድርጊ፦ ሁለቱንም አክሲስ ሎግ አድርጊ፤ ቢኖቹንም በሎግ ከፋፍያቸው። በኑምፓይ (በፓይተን የቁጥር ላይብረሪ) ጂኦምስፔስ የሚባለውን ፋንክሽን ጠርተሽ 2፣ 110 እና 301 ስትሰጪው 301 ወሰን፣ ማለትም 300 ቢን ይሰጥሻል። ብዙ ሰው በሎግስፔስ ይሞክርና ባዶ ግራፍ ይወጣበታል። ሎግስፔስ የሚቀበለው የ10ን ፓወር ስለሆነ፣ 2 እና 110 ብለሽ ስትሰጪው ከ100 እስከ 10 ፓወር 110 ይዘረጋዋል፤ ከ100 በታች ያለው ዳታሽ በሙሉ ከግራፉ ውጭ ይቀራል።

በ300 ቢን አንዱ ቢን የማሱ 1.3 በመቶ ገደማ ነው፤ ጄ/ፕሳይ ጋ 0.04፣ ዜድ ጋ 1.2 ጂኢቪ። ጄ/ፕሳይና ዜድ ወዲያው ይወጣሉ። አፕሲሎኖቹን ለመለየት ግን ይህ አይበቃም፤ ከ8.5 እስከ 11 ያለውን ብቻ ቆርጠሽ፣ በ0.05 ጂኢቪ ቢን፣ በሊኒየር አክሲስ ለብቻው ሥሪው።

በነገራችን ላይ፣ በሎግ ቢን ላይ የጫፎችን ቁመት እርስ በርስ አታወዳድሪ። ቀኝ በኩል ያሉት ቢኖች ሰፊ ስለሆኑ ብዙ ኢቨንት ይሰበስባሉ። ማወዳደር ካስፈለገ የእያንዳንዱን ቢን ቁጥር ለስፋቱ አካፍይ።

ፋይ_ኢታ፦
ከላይ የተባለው ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው፣ ፋይሉ ውስጥ የተሰላውን የማስ ዓምድ ከመጠቀምሽ በፊት ራስሽ አስይው። ፊዚክሱን የምታገኚው እዚያ ላይ ነው፤ ተሰልቶ የተቀመጠ ዓምድ መሳል የኮድ ልምምድ ብቻ ነው።

የማሱ ስኩዌር = 2 × ፒቲ1 × ፒቲ2 × [ኮሽ(የኢታ ልዩነት) − ኮስ(የፋይ ልዩነት)]

ኮሽ ሃይፐርቦሊክ ኮሳይን ነው፤ ፒቲ ለፕሮቶኖቹ ጨረር በ90 ዲግሪ ያለው ሞመንተም ነው። ኢታ ከጨረሩ ያለውን ዝንባሌ፣ ፋይ በጨረሩ ዙሪያ ያለውን አንግል ይነግርሻል። ፋይ በራዲያን ነው የተጻፈው (ከ−3.14 እስከ 3.14)፤ የኑምፓይ ኮስም ራዲያን ነው የሚቀበለው፣ ስለዚህ ወደ ዲግሪ ቀይረሽ አታስገቢ። ልዩነቱ ከ3.14 ቢበልጥም አትጨነቂ፤ ኮሳይን ስለሆነ ውጤቱ አይለወጥም።

ይህ ፎርሙላ የሚዩኦንን ማስ (0.1057 ጂኢቪ) ዜሮ አድርጎ ነው የሚነሳው። ዜድ ጋ ልዩነቱ አይታይም። ጄ/ፕሳይ ጋ ግን የሁለቱ ሚዩኦኖች ፒቲ ተቀራራቢ ሲሆን ውጤትሽ ከፋይሉ በ7 ኤምኢቪ ገደማ ያንሳል፤ ፒቲያቸው ሲራራቅ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ይህን ካየሽ ስህተት መስሎሽ ኮዱን አታፍርሺ። ሙሉውን ከፈለግሽ የሁለቱን ኢነርጂ ደምሪና ስኩዌር አድርጊ፤ ከእሱ ላይ የተደመረውን ሞመንተም ስኩዌር ቀንሺ።

ከዚያ በቻርጅ ለይ። የሁለቱ ቻርጅ ብዜት −1 የሆኑትን በአንድ ቀለም፣ +1 የሆኑትን በሌላ ቀለም ሳይ። ጄ/ፕሳይም ሆነ ዜድ ቻርጅ ስለሌላቸው የሚሰባበሩት ወደ አንድ ፖዘቲቭና አንድ ኔጋቲቭ ሚዩኦን ነው። ተመሳሳይ ቻርጅ ባላቸው ላይ ጫፍ ከወጣብሽ ማጣሪያሽን ፈትሺ።

ስለ ጫፎቹ ስፋትም አንድ ነገር። የዜድ የተፈጥሮ ስፋት 2.495 ጂኢቪ ነው፤ ኤች-ባርን (የፕላንክ ቋሚ ለ2π ሲካፈል፣ 6.58 × 10⁻²⁵ ጂኢቪ ሴኮንድ) ለዚህ ብታካፍይ ዕድሜው 2.6 × 10⁻²⁵ ሴኮንድ ይመጣል። የጄ/ፕሳይ የተፈጥሮ ስፋት ግን 0.093 ኤምኢቪ ገደማ ብቻ ነው። ግራፍሽ ላይ የምታይው የጄ/ፕሳይ ስፋት ከዚያ በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል፤ እሱ የዲቴክተሩ የመለካት አቅም እንጂ የቅንጣቱ ዕድሜ አይደለም። ስለዚህ ከጄ/ፕሳይ ስፋት ዕድሜ ላሰላ ብለሽ እንዳትነሺ።

አይሶቶፕ፦
ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። የጎደለሽ 1.02 ኤምኢቪ የሁለት ኤሌክትሮን ማስ ነው (እያንዳንዱ 0.511)። 4.002603 የሂሊየም አቶም ማስ ነው፤ ሁለቱ ኤሌክትሮኖች ውስጡ አሉ። 1.007276 ደግሞ ራቁቱን ያለ ፕሮቶን ነው። አቶምን ከኒውክሊየስ ጋር ቀላቅለሻል ማለት ነው። በፕሮቶኑ ቦታ የሃይድሮጅን አቶምን 1.007825 አስገቢ፦

2 × 1.007825 + 2 × 1.008665 − 4.002603 = 0.030377 ዩ
0.030377 × 931.494 = 28.30 ኤምኢቪ፤ ለአራት ሲካፈል 7.07 በኑክሊዮን (በአንድ ፕሮቶን ወይም ኒውትሮን)።

የማስ ሠንጠረዦች ሁሉ ማለት ይቻላል የአቶም ማስ ነው የሚሰጡት። በቤታ ማይነስ (ኤሌክትሮን በሚወጣበት ዲኬይ) ላይ ኤሌክትሮኖቹ ራሳቸው ይጠፋፋሉ፤ በአልፋም እንደዚያው። ሰው የሚወድቀው ቤታ ፕላስ (ፖዚትሮን በሚወጣበት ዲኬይ) ላይ ነው፤ እዚያ የአቶሞቹን ልዩነት ከወሰድሽ በኋላ ተጨማሪ 1.022 ኤምኢቪ መቀነስ አለብሽ። ወደ ኒዮን-22 በሚለወጠው በሶዲየም-22 ሞክሪው፦ 21.994437 − 21.991385 = 0.003052 ዩ፣ ማለትም 2.843 ኤምኢቪ። 1.022 ሲቀነስ 1.821 ይቀራል። የኑክላይድ ቻርት (የአይሶቶፖች ሠንጠረዥ) ላይ ግን የፖዚትሮኑ ከፍተኛ ኢነርጂ 0.546 ተብሎ ታገኚዋለሽ፤ ምክንያቱም ኒዮን-22 ሁልጊዜ ማለት ይቻላል መጀመሪያ 1.275 ኤምኢቪ ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ያርፍና ትርፉን በጋማ ይለቀዋል። 1.821 − 1.275 = 0.546።

እነዚህን ቁጥሮች የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ ላይቭ ቻርት ኦፍ ኑክላይድስ ላይ ታገኚያቸዋለሽ። ለስልክ አይሶቶፕ ብራውዘር የሚባል የራሳቸው ነፃ አፕ አለ።

ካታሎግ፦
ስለ ቅደም ተከተሉ በአጭሩ። ፌት (ነፃ የሳይንስ ሲሙሌሽን ድረ-ገጽ) ላይ ቢልድ ኤ ኒውክሊየስ የሚለውን ሲሙሌሽን ክፈቺ፤ ስልክ ላይ ይሠራል፣ አውርደሽ ያለ ኢንተርኔትም ትጠቀሚበታለሽ። አልፋ ዲኬይ የሚለው የድሮ የጃቫ ሥራ ስለሆነ ለላብ ኮምፒውተሩ አቆዪው። ለሐሳብ ማጣቀሻ ሃይፐርፊዚክስ የሚባለው ድረ-ገጽ ይበቃል፤ ገጾቹ ቀላል ስለሆኑ ፓኬጅ አይበሉም።

ዋናው ኮርስ የኤምአይቲ ኦፕንኮርስዌር 8.701 ነው (የ2020 መኸር ሴሚስተር)። ቪዲዮዎቹ አጫጭር ናቸው፤ ዋይፋይ ባገኘሽበት ቀን በዝቅተኛ ጥራት አውርጂያቸው። ነገር ግን የኳንተም መካኒክስ መሠረት ይጠይቃል። ፎር-ቬክተር (ኢነርጂና ሞመንተም በአንድ ላይ) በእጅሽ ሳይገባ ወደ ፋይንማን ዲያግራም (የቅንጣቶችን ግጭት በመስመር የሚወክል ሥዕል) ስሌት አትሂጂ፤ መስመር መሳል ትለምጃለሽ እንጂ አንድም ቁጥር አታወጪም። ከላይ ያለውን የማስ ፎርሙላ ከኢነርጂና ሞመንተም ተነስተሽ ራስሽ ማውጣት ከቻልሽ ዝግጁ ነሽ።

የቅንጣት ማስና ስፋት ስትፈልጊ ከዊኪ ሳይሆን ከፓርቲክል ዳታ ግሩፕ (የቅንጣት ልኬቶችን የሚያጠናቅር ቡድን) ውሰጂ። የኢንተርናሽናል ማስተርክላስ መልመጃዎችም ክፍት ናቸው፤ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የተዘጋጁ ቢሆኑም የዲቴክተር ሥዕል ማንበብ የሚለመደው በእነሱ ነው።

ቤዛ_ፊ፦
አመሰግናለሁ፤ ጄ/ፕሳይና ዜድ ወጡ፣ ሂሊየሙም ገጠመ። አሁን የሁለት ኤሌክትሮኑን ፋይል ስከፍት ግን «ፒኤክስ1» የሚባል ዓምድ የለም የሚል ኤረር ይሰጠኛል፤ ፋይሉን ስከፍተው ግን ዓምዱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ቢን_ቆጣሪ፦
እዚያ ፋይል ላይ ከስሙ ኋላ አንድ ባዶ ቦታ አለ፤ ለዓይን አይታይም፣ ለፓንዳስ (ሠንጠረዥ ለሚያነበው የፓይተን ላይብረሪ) ግን ሌላ ስም ነው። ፋይሉን እንዳነበብሽ የዓምዶቹን ስም በሙሉ በስትሪፕ አጽጂ። ያው ፋይል ውስጥ ጥቂት መስመሮች ላይ የማሱ ዋጋ ባዶ ስለሆነ ሂስቶግራሙን ከመሥራትሽ በፊት ድሮፕኤንኤ በሚባለው ትእዛዝ እነዚያን መስመሮች ጣይ፤ ወይም ማሱን ከኢነርጂና ሞመንተም ራስሽ አስይው።