ጣርማ በርን የማያውቅ ሾፌር፦ የጥንቃቄ ልኩ ዝቅ ይበልለት?

አወያይ፦
ብረት የጫነ ባለተሳቢ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና እየወረደ ነው እንበል። ጉም ወርዷል። ሾፌሩ መንጃ ፈቃዱ የተሟላ ነው፤ ግን ቆላ ለቆላ ሲነዳ የኖረ ነው፣ ይህን ቁልቁለት ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ፍሬን እምቢ አለውና ዳር የቆመች ባጃጅ ገጨ፤ የባለባጃጁ እግር ተሰበረ። «መንገዱን አላውቀውም» ማለቱ ጥፋቱን ያቀልለታል? ከነምክንያታችሁ።

ጠበቃው፦
በፍትሐ ብሔር አያቀልለትም። የ1952ቱ ሕግ አንቀጽ 2030 ጥፋትን የሚመዝነው በአስተዋይ ሰው አካሄድ ነው፤ የአድራጊውን ዕድሜና የአእምሮ ሁኔታ እንኳ አይቆጥርለትም። 2031 ደግሞ ሙያተኛን በሙያው ደንብ ይይዘዋል። ተሳቢ መንዳት ሙያ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ሰውዬው የሚያውቀው ሳይሆን ተሳቢ የሚነዳ ሰው አፋፉ ላይ ሲደርስ ማድረግ የሚገባው ነው።

የመንዝ ልጅ፦
አልስማማም ወንድሜ። ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ነው፣ መንገዱ የሚወርድባት ሸዋ ሮቢት 1300 ገደማ። እንዲህ ያለ ቁልቁለት በየትኛውም የማሠልጠኛ ሜዳ አይገኝም። ተጎጂው እንደሆነ በ2081 ከባለንብረቱ ካሳውን ያገኛል፤ በ2086 መሠረት ባለንብረቱ «ጥፋት የለብኝም» ወይም «ምክንያቱ አልታወቀም» ብሎ አያመልጥም። ታዲያ ደመወዝተኛውን በአገሬው ሾፌር ልክ መስፈር ለማን ይበጃል?

ጠበቃው፦
ሾፌሩ በ2028 በግሉም ሊከሰስ ይችላል፤ ከፋዩ ባለንብረትም ጥፋት ካለ ወደ እሱ ይዞራል። ያንተ ክርክር ቦታው ወንጀሉ ላይ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 59 ቸልተኝነትን ሲመዝን የሰውየውን ዕድሜ፣ ልምድ፣ ትምህርትና ሥራ ያያል። ስለዚህ በ559 (በቸልተኝነት አካል መጉዳት) ነጻ ወጥቶ በካሳ ሊረታ ይችላል፤ የወንጀል ችሎቱ ነጻ ማለቱ የፍትሐ ብሔሩን ዳኛ አያስርም፣ 2149ን ተመልከት።

ፍሬን ሠሪው፦
ሁለታችሁም «ፍሬን እምቢ አለ»ን እንደ አንድ ነገር ይዛችሁታል። ሁለት ነው፤ ክርክሩም እዚያ ላይ ይለያል።

አንደኛው ፍሬኑን የሚገፋው የታመቀ ንፋስ መጥፋት ነው፦ ቱቦ ይፈነዳል፣ ጌጁ ይወርዳል፣ 4 ባር አካባቢ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። ሁለተኛው ግለት ነው። ሾፌሩ በከፍተኛ ማርሽ ይገባና ፍሬኑን እንደረገጠ ይወርዳል። ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው ብረት) ሲግል ይሰፋል፣ እሱን ይዞ ከሚያቆመው ሸራ ይርቃል፤ ንፋሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሸራውን የሚገፋው ዘንግ የመጨረሻ እርምጃው ላይ ደርሶ ያልቃል። ሽታውና ጭሱ ቀድሞ ይመጣል፤ እዚያው ያልቆመ በኋላ መቆም አይችልም። መኪናው ከፈጠነ በኋላ ማርሽ መቀነስም አይቻልም። ለዚህ ነው ማርሹ አፋፉ ላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር የሚመረጠው። የሞተር ፍሬን ይከፈታል። ፍጥነቱ ከተወሰነው፣ 40 እንበል፣ ሲደርስ አጥብቆ ይረገጥና ፍጥነቱ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀንስ ይለቀቃል። የጋለ ታምቡር ላይ ውሃ መድፋት ደግሞ ብረቱን ይሰነጥቀዋል።

ይህ ሁሉ ጣርማ በርን ማወቅ አይጠይቅም፤ የትም ቁልቁለት ያው ነው። ንፋሱንም ቢሆን ከመነሳት በፊት ሞተር አጥፍቶ፣ ፍሬን አንድ ደቂቃ ረግጦ ማየት ነው፤ ከ0.3 ባር በላይ ከወረደ አይወጣም።

የመንዝ ልጅ፦
የማርሹን ተቀብያለሁ። ጉሙን ግን አልለቅም። የትኛው ጥምዝ ላይ በድንገት እንደሚዘጋ የሚያውቀው አገሬው ነው፤ ያን አለማወቅ ጥፋት ሊሆን አይገባም።

ጠበቃው፦
ጥምዙን አለማወቁ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ፣ በሚያየው ርቀት ውስጥ መቆም በማይችልበት ፍጥነት መሄዱ ነው። ጉም ሲወፍር የሚቀንሰው ለዚህ ነው፤ እንግዳ ከሆነማ ከአገሬው ይበልጥ ይቀንሳል። ባጃጇ ጥምዝ ላይ ያለ መብራት ቆማ ከሆነ ግን የተጎጂውም ጥፋት ይቆጠራል፤ በ2086 እና በ2098 ካሳው ይቀነሳል።

ፍሬን ሠሪው፦
ማስረጃው ብረቱ ላይ አለ። ታምቡሩ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠና ሸራው እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ግለት ነው፤ ቱቦው ተቀዶ ታምቡሩ ንጹሕ ከሆነ የጥገና ጉድለት ነው፣ ያኔ ጣት ወደ ባለንብረቱ ይዞራል። መኪናው ሳይጎተት ማርሹ የቆመበት ቦታ ፎቶ ይነሳ፤ ክሬኑ ካነሳው በኋላ ማንም ሊያንቀሳቅሰው ይችላል።

ጠበቃው፦
ፎቶውን የትራፊክ ፖሊሱ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ሲያነሳ አብሮ ይያዝ። የካሳ ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በ2143 ይታገዳል፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ (የክስ ጊዜ ገደብ) ያለው ወንጀል ከሆነ የዚያው ይርጋ ይሠራል። የወንጀሉ መዝገብ እስኪዘጋ እየጠበቁ ጊዜው ያመለጣቸው ብዙ ናቸው።