ሕመም የሌለው ደም የቀላቀለ ሽንት፤ ሲቲ ይቅደም ወይስ ሲስቶስኮፒ (የሽንት ፊኛን ውስጥ በካሜራ ማየት)?

ታካሚያችን ድሬዳዋ የሚኖሩ የ58 ዓመት አባት ናቸው፤ የረጅም ጊዜ አጫሽ፣ ቀድሞ ታችኛው አዋሽ ጥጥ እርሻ ላይ የሠሩ። ሽንታቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀይ ነው፤ የረጋ ደምም አለው። በድሬ ሙቀት ቀድሞ የሚታሰበው ጠጠር ነው፣ ግን የጎን ውጋት የላቸውም። በማይክሮስኮፕ ቀይ የደም ሴል ሞልቷል፤ ካስት (ደሙ ከኩላሊት ማጣሪያ መምጣቱን የሚጠቁም) የለም፣ ናይትራይት (የባክቴሪያ ምልክት) ኔጌቲቭ። ሲፕሮፍሎክሳሲን (አንቲባዮቲክ) 500 ሚ.ግ በቀን ሁለቴ ለ7 ቀን ወስደው ጠርቶላቸው ነበር፤ ተመለሰ። (መጥራቱ ምንም አያረጋግጥም፤ የምንሰጋው የካንሰር ዕጢ ደም በራሱም ይቆማል።) ቀትር ላይ በተሰጠ ሽንት የቢልሃርዝያ (ከመስኖ ውሃ የሚይዝ፣ ሽንትን የሚያደማ ጥገኛ ትል) እንቁላል አልተገኘም። አልትራሳውንዱ ኩላሊቶቹን ደህና ይላል፤ ፊኛው ሳይሞላ ስለተሠራ ግን ስለ ፊኛው የሚለውን አላምነውም። ክሬአቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ) 1.9 ሚ.ግ/ዴ.ሊ፣ ከፍ ያለ ነው።

ክሬአቲኒኑ እንዲህ ሆኖ በኮንትራስት (ኩላሊትን ሊጎዳ በሚችል የደም ሥር ማቅለሚያ) ሲቲ ይነሡ፣ ወይስ ፊኛው ሞልቶ አልትራሳውንዱን ደግመን በቀጥታ ለሲስቶስኮፒ እንላካቸው?