ሊን በውል ይግባ ወይስ አይግባ? የባሕር ዳር ሳይቶች ክርክር

የሳይት መሐንዲስ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በከተማችን በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ሕንፃ ሁሉ የሊን አሠራር እንዲከተል በውሉ ይጻፍ እላለሁ። ሊን ከቶዮታ ፋብሪካ የመጣ፣ ብክነትን እየለዩ የማስወገድ ዘዴ ነው። ፊንላንዳዊው ተመራማሪ ላውሪ ኮስኬላ እ.ኤ.አ. በ1992 ግንባታ ላይም እንደሚሠራ ጻፈ። ካይዘንን፣ ያንን የጃፓኖቹን ሥራን ጥቂት በጥቂት የማሻሻል ዘዴ፣ ለምናውቅ ሰዎች ነገሩ ባዕድ አይደለም።

ለምን እንዳነሣሁት ልንገራችሁ። ባለፈው ወር ዘንዘልማ መንገድ ላይ ባለ አንድ ሳይት 12 የቀን ሠራተኞች ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት አሸዋ ሲጠብቁ አረፈዱ። ሲደመር 48 ሰዓት ነው። የ6 ሰው ሙሉ ቀን ማለት ነው። አሸዋው ሲመጣ ደግሞ ከሕንፃው ጀርባ ተራገፈ። ከሰዓት በኋላ በባሬላ ሲያመላልሱ ዋሉ። አንድም ሰነፍ አልነበረም። ግድግዳው ግን ከጠዋቱ ከፍታ ንቅንቅ አላለም።

ተቋራጭ፦ ኢንጂነር፣ ያየኸው እውነት ነው። በውል ይገደድ ስትል ግን አልስማማም። ሊን ዕቃ በሚፈለግበት ሰዓት፣ በሚፈለገው ልክ ይምጣ ይላል። ክምችትን ብክነት ይለዋል። እኔ ሲሚንቶ የምገዛው ስፈልግ ሳይሆን ሳገኝ ነው። ሲሚንቶ በጠፋ ጊዜ ፌሮው ታስሮ ሶሌታ፣ የፎቁን ወለል ኮንክሪት ማለቴ ነው፣ ሳልሞላ የቆምኩባቸውን ወራት አልረሳም። ቶዮታ አቅራቢዎቹ እዚያው ጎረቤቱ ናቸው። የእኔ ፌሮ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። መኪና አንድ ቀን ቢበላሽ ማን ይከፍለኛል?

ፎርማን፦ ማከማቸቱ ትክክል ነው። አያያዙ ግን ይታይ። አንድ ክረምት ሲሚንቶ ባዶ መሬት ላይ ተደርድሮ አይቻለሁ። የሐምሌን እርጥበት ታውቁታላችሁ። የታችኛው ረድፍ ድንጋይ ሆነ። እንጨት ላይ ይቀመጥ፣ ከግድግዳ ይራቅ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። ይሄ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

አማካሪ መሐንዲስ፦ ክርክሩ ሲሚንቶ ላይ ብቻ እንዳይቀር። እኔ ከሊን ውስጥ በጣም የምወደው ላስት ፕላነር የሚባለውን ነው። ግሌን ባላርድ የሚባል አሜሪካዊ የቀረጸው ነው። የሳምንቱን ዕቅድ ቢሮ የተቀመጠ ሰው ብቻውን አያወጣም። ፎርማኑ፣ አናጺው፣ ፌሮ ሠራተኛው፣ ኤሌክትሪሺያኑ አብረው ቁጭ ብለው ቃል ይገባሉ። በሳምንቱ መጨረሻ ይቆጠራል። 20 ሥራ ታቅዶ 11 ካለቀ 55 በመቶ ነው። ያላለቁት 9ኙ ለምን እንዳላለቁ አንድ በአንድ ይጻፋል። አሜሪካ ውስጥም መጀመሪያ ሲለካ ከሳምንቱ ዕቅድ የሚጠናቀቀው ግማሽ ገደማ ነበር። ስለዚህ ቁጥራችን ዝቅ ቢል አንፈር።

የእኛ ችግር ሌላ ነው። መሐንዲሱ "ሐሙስ ይደርሳል?" ሲል ፎርማኑ "እሺ" ይላል። ፌሮው እንዳልመጣ እያወቀ እሺ ይላል። እምቢ ማለት እንደ ድፍረት ስለሚቆጠር ነው። እዚህ ዘዴ ውስጥ ግን "አይደርስም፣ ይሄ ይጎድለኛል" ማለት የሥራው አካል ነው። ይህ ካልተለመደ የቀረው ሁሉ ወረቀት ነው።

ግንበኛ፦ እህቴ እውነት ብለሻል። እኔ አንድ ፎቅ ሙሉ ለስኜ ጨረስኩ። በሳምንቱ ለኤሌክትሪክ ቱቦ ተብሎ ተቦረቦረ። እንደገና ለሰንኩት። ቱቦው እንዳልገባ ስለስን አይቼ ነበር። የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልተናገርኩም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ተቋራጭ፦ ስብሰባውን እቀበላለሁ። ግን ምክንያት ሲጻፍ የእኔ ብቻ አይጻፍ። የሕንፃው ሥዕል (ፕላኑ) ከአማካሪ ዘግይቶ ሲመጣ ይጻፍ። ለተሠራ ሥራ ክፍያ ወራት ሲቆይም ይጻፍ። የቀን ሠራተኛ አሸዋ የሚጠብቀው አንዳንዴ እኔ ለአሸዋው የምከፍለው ስላጣሁ ነው። ይሄን ብክነት ማን ይቆጥረዋል?

አማካሪ መሐንዲስ፦ ይጻፍ። የእኛ ሥዕል የዘገየበት ጊዜ አለ፣ አልክድም።

የሳይት መሐንዲስ፦ እንግዲያው ሐሳቤን ላሻሽል። ውሉ ላይ "ሊን" የሚል ቃል ባይኖርም ግድ የለኝም። የሳምንቱ ስብሰባ ይግባ። የባለቤት፣ የአማካሪና የተቋራጭ መዘግየት በአንድ መዝገብ ይጻፍ። ክምችቱን ለተቋራጩ እንተውለት። ምን ያህል እንደሚይዝ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል።

ተቋራጭ፦ መዝገብ ብቻውን ክፍያ አያመጣም። ስንት ቀን ሲዘገይ ምን እንደሚሆን ካልተጻፈ አሁንም አልፈርምም።

ግንበኛ፦ አንድ ጥያቄ አለኝ። ስብሰባው ቅዳሜ ከሆነ ስንት ሰዓት ነው? እኛ ሳይት ቅዳሜ እስከ 6 ሰዓት ነው የምንሠራው። ከዚያ በኋላ ከሆነ ሰዓቱ ይከፈለን።